በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከቤት እየተመላለሱ መማር

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስም ሆነ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ሜሰን ጥሩ ትምህርት ቤት ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለብዙዎቻችን ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከወላጅ ቤት ሳይወጡ፣ ሥራ ሳያቋርጡና ቤተሰብን ከባድ ዕዳ ውስጥ ሳይከቱ ዲግሪ የሚያዝበት ዋነኛው በር ነውና። እኔ ከአሌክሳንድሪያ እየተመላለስኩ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ እየሠራሁ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቄበታለሁ። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ በእውነት ጥሩ ነው፤ ጥቅሙን ሙሉ በሙሉ የሚያገኘው ግን በአንዱ ክፍልና በሌላው መካከል ያለውን ሰዓት ግቢው ውስጥ የሚያሳልፍ ተማሪ ነው።

ዋናው ግቢ የሚገኘው ከዋሽንግተን በስተ ምዕራብ፣ ከፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ነው። ስፋቱ 677 ኤከር ሲሆን ብዙው ክፍል በዛፍ የተሸፈነ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገና ወጣት ነው ማለት ይቻላል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ኮሌጅ ሆኖ ሥራ ጀመረ፣ በ1972 ራሱን ቻለ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ 40 ሺህ ገደማ ተማሪዎችን ይዞ ከቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ትልቁ ሆኗል። ስለ ደረጃው የሚጠራጠር ወላጅ ካለ፣ ሁለት የምጣኔ ሀብት መምህራኑ፣ ጄምስ ቡካናን በ1986፣ ቨርነን ስሚዝ ደግሞ በ2002፣ እዚያው እያስተማሩ የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸውን፣ ከ2016 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ምርምር ከሚካሄድባቸው የአገሪቱ ተቋማት ተርታ መመደቡን ማወቅ ይበቃዋል። የተማሪውን የዕለት ኑሮ የሚወስነው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ በግቢው ማደሪያዎች የሚኖሩት 6 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ከቤታቸው ይመጣሉ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በዚህም የተነሳ ተማሪውን መጀመሪያ የሚገጥመው የመንገዱ ጉዳይ ነው። የሜትሮው ኦሬንጅ መስመር ቪየና ጣቢያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ነጻ አውቶቡስ ወይም ኪው የሚባለው የፌርፋክስ ከተማ አውቶቡስ ወደ ግቢው ያደርሳል። ከአርሊንግተን ወይም ከዋሽንግተን ለሚነሳ ይህ የሚመች ጉዞ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሳ ግን በብሉ መስመር እስከ ሮዝሊን ወጥቶ፣ እዚያ ባቡር ቀይሮ ወደ ምዕራብ መመለስ ስለሚሆን፣ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ይመርጣል። የማቆሚያ ፈቃዱ ከትምህርት ክፍያው ተለይቶ የሚገዛ ስለሆነ ወጪውን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከክፍሎቹ ራቅ ያለውን ማቆሚያ የመረጠ ሰው ዋጋው ይቀንስለታል፣ የአሥርና የአሥራ አምስት ደቂቃ እርምጃ ደግሞ ማንንም አይጎዳም። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደርሼ መኪናዬን አቁሜ ወደ ቤተ መጻሕፍት እገባ ነበር። ረፋድ ላይ ቦታ ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ ለአንድ ምዕራፍ ንባብ ይበቃል።

ለሠራተኛ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው የክፍል ሰዓቱ አደረጃጀት ነው። ብዙ ትምህርቶች በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ከ10፣ ሁለተኛው ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከ20 እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚመጣ ሰው ሁለቱን ዙር በአንድ ምሽት ቢይዝ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየሄደ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን ይችላል። አብረውኝ በማታ ክፍል ከተቀመጡት መካከል ከውትድርና የተመለሰ ጎልማሳ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ነርስ፣ እንዲሁም አዛውንቶችን በየቤታቸው እየተንከባከበች የምትማር የአገሬ ልጅ ነበሩ። ከእነርሱ የተማርኩት ከመጽሐፉ ያላነሰ ነው፤ መምህሩ ስለ መረጃ ደህንነት ሲያስረዳ ወታደሩ እጁን አውጥቶ በሥራው ላይ የገጠመውን ይነግረን ነበር፣ የጽንሰ ሐሳቡም ትርጉም ያን ጊዜ ይገባን ነበር።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። በ2023 በተጀመረው የትምህርት ዘመን የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የዓመት ክፍያ ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ግን ከ35 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ይህ ልዩነት የእኛን ማኅበረሰብ በቀጥታ ይነካል፤ ብዙ ቤተሰብ የቤት ኪራይ ሲወደድበት ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ከዋሽንግተን ወደ ቨርጂኒያው ዉድብሪጅ ይዛወራልና። በነዋሪነት ዋጋ ለመክፈል ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቨርጂኒያን ቋሚ መኖሪያ ማድረግን ማስረዳት ያስፈልጋል። ስለሆነም የተዛወረ ቤተሰብ የመንጃ ፈቃዱን፣ የመኪናውን ታርጋና የግብር አድራሻውን ሳይውል ሳያድር ቢቀይር ብዙ ሺህ ዶላር ያድናል። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ የፌዴራሉን የገንዘብ ድጋፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ በ2024 የተጀመረው የትምህርት ዘመን ከፍተኛው የፔል ድጎማ 7,395 ዶላር ነበር፣ ይህም የማይመለስ ገንዘብ ነው። «እኛ ዜጋ ስላልሆንን አይሰጡንም» ብለው ፎርሙን ሳይሞሉ የቀሩ ቤተሰቦችን ስለማውቅ ይህን አበክሬ እናገራለሁ።

ከዚህም የሚሻል የቁጠባ መንገድ አለ፣ እርሱም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም ኖቫ የምንለው ነው። የአሌክሳንድሪያው ዲዩክ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲሄድ ስሙን ቀይሮ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ይባላል፤ በአናንዴሉ የኖቫ ግቢ በር ላይ ያልፋል፣ ከዚያም ፌርፋክስ ከተማ ይገባል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በዚህ መንገድ አጋማሽ ላይ፣ የቀሩትን ሁለት ዓመት ተኩል በመጨረሻው ላይ ተምሬአለሁ። የኖቫ ክፍያ ከዩኒቨርሲቲው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ክፍሎቹ አነስተኛ ስለሆኑም በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጣና እንግሊዝኛው ገና ላልጠነከረ ተማሪ መምህሩን ለማግኘት ይመቻል። አገር ቤት የለመድነው «ዩኒቨርሲቲ መግባት» የሚለው ክብር ስላለ ወላጆች ልጃቸውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መላክን እንደ ውድቀት ሲቆጥሩት አያለሁ፤ በመጨረሻ የሚሰጠው ዲግሪ ግን የሜሰን ዲግሪ ነው፣ ከአራቱ ዓመት ሁለቱ በኖቫ ማለፋቸው ዋጋውን አይቀንሰውም።

የዚህ መንገድ አደጋ ያለ ዕቅድ መሄድ ነው። በኖቫ የተወሰደ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲው መዛወሩ አንድ ጉዳይ ነው፣ ለተመረጠው የትምህርት ዘርፍ መቆጠሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የጓደኛ ምክር ብቻ ሰምቼ የወሰድኳቸው ሁለት ትምህርቶች ወደ ሜሰን ሲዛወሩ እንደ ምርጫ ትምህርት ብቻ ተቆጠሩ፤ የሒሳቡንና የፕሮግራሚንጉን ትምህርት እንደገና በሌላ ስም መውሰድ ግድ ሆነብኝ፣ የተጨመረችው ግማሽ ዓመትም የመጣችው ከዚህ ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በ2018 አድቫንስ የተባለውን የጋራ ፕሮግራም የጀመሩት ይህን ዓይነቱን ብክነት ለመከላከል ነው፤ የገባበት ተማሪ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ እስከ ምረቃ የትኛውን ትምህርት መቼ እንደሚወስድ ተጽፎ ይሰጠዋል፣ የሚከታተለው አማካሪም ይመደብለታል። ኖቫ የሚጀምር ልጅ ያለው ወላጅ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ስም እንዳይረሳ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከቤት የሚመላለስ ተማሪ ሥራ፣ ቤተሰብና መንገድ ስለሚያጣድፉት ዩኒቨርሲቲውን እንደ ሱቅ ይገለገልበታል፤ ገብቶ፣ የሚፈልገውን ይዞ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንዲሁ አሳለፍኩት። ክፍል አላመለጠኝም፣ ውጤቴም መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ስሜን የሚያውቅ አንድም መምህር አልነበረም፣ የሥራ ልምምድ ማመልከቻ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ ማንን እንደምጠይቅ ጠፋኝ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሰኞና ረቡዕ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክፍል ይዤ መካከሉን ሆን ብዬ ክፍት አደረግሁት። ያ ክፍት ጊዜ ትምህርቴን ለወጠው። ፌንዊክ ቤተ መጻሕፍት በላይኛው ፎቅ ጸጥ ያለ ቦታ አለ፤ የጽሑፍ ማዕከሉ ድርሰት ይዞ ለሚመጣ ሰው አብሮ ቁጭ ብሎ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ያሳያል፣ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ ጆንሰን ሴንተር ደግሞ ምግቡም ወንበሩም በአንድ ጣራ ሥር ስለሆነ፣ የአማርኛ ድምፅ ሰምቶ ዞር ማለትና ሰላምታ መለዋወጥ የተለመደበት ቦታ ነው።

ከሁሉ በላይ የመምህራን የቢሮ ሰዓት ነበር። እኛ መምህርን ማክበር ማለት አለማስቸገር እንደሆነ ተምረን ስላደግን ቢሮ ሄዶ ማንኳኳት ድፍረት ይመስለናል። እዚህ ግን መምህሩ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በሩን ከፍቶ የሚቀመጠው ተማሪ እንዲመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማንም አይመጣም። ሦስት ጊዜ ስለ ዳታቤዝ ጥያቄ ይዤ የሄድኩባቸው መምህር በኋላ የድጋፍ ደብዳቤዬን ጻፉልኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ የተገኘው በዚያ ደብዳቤ ነው።

ስለ ሥራ ካነሳን፣ ለዋና ከተማዋ መቅረቡ ትልቅ ጥቅም ነው። ታይሰንስ፣ ሬስተንና ሄርንደን ያሉት የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ቅርብ ናቸው፤ በአርሊንግተን ያለው የዩኒቨርሲቲው ሌላ ግቢም ከቨርጂኒያ ስኩዌር ሜትሮ አጠገብ ነው፣ የሕግና የመንግሥት ፖሊሲ ትምህርት የሚሰጠው እዚያ ነው። ሆኖም በዚህ አካባቢ ካለው የኮምፒውተር ሥራ ብዙው ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለዚህ ደግሞ በጥቅሉ ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ይዞ የሚማር ሰው ዜግነት ለማመልከት የሚጠየቀው አምስት ዓመት መቼ እንደሚሞላ ከምረቃው ቀን ጋር አስተያይቶ ቢያስብ፣ የልምምድ ሥራውንም መጀመሪያ በግል ድርጅቶች ቢፈልግ ይሻላል።

በግቢው መሐል ያለውን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ትምህርት ቤቱ የተሰየመበት ጆርጅ ሜሰን በ1776 የወጣውን የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ያረቀቀ ሰው ነው፤ ይኸው ሰው ባሪያዎች ነበሩት። በ2022 ዩኒቨርሲቲው በሐውልቱ አካባቢ እርሱ በባርነት ለያዛቸው ሰዎች መታሰቢያ አቆመ፤ ፔኒ የተባለች የ10 ዓመት ልጅና አገልጋዩ ጄምስ እዚያ ይታሰባሉ። በማታ ክፍል መግቢያ ላይ እዚያ ቆሜ ያነበብኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ስሙን የተሸከመበትን ሰው ሙሉ ታሪክ በአደባባይ የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት አከብራለሁ።

ከተማሪ ጋር አብሮ ማደርን፣ ቅዳሜና እሑድ የሚደምቅ ግቢን፣ ከወላጅ ርቆ ራስን መቻልን ለሚሻ ልጅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እመክራለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚህ ማቆሚያው ባዶ ነው። ታናሽ እህቴ ግን ኖቫን በአድቫንስ በኩል ጨርሳ በመጪው ነሐሴ ሜሰን ትገባለች። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ሰሌዳዋን አብረን ስናወጣ ሁሉንም ክፍሎቿን ጠዋት ጠዋት አድርጋ ከሰባት ሰዓት በፊት ቤት ለመግባት አስባ ነበር። አንዱን ወደ ማታ አዛወርነው፤ ሰኞና ረቡዕ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ክፍት ሆነ፣ እናታችንም በእነዚያ ቀናት ምሳ ልትቋጥርላት ተስማምታለች።