ቤት ውስጥ የተሠራ ሆርን ስፒከር፦ ክረምትም በጋም ካየ በኋላ

ሆርን ስፒከር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የአሉሚኒየም ድምፅ ማጉያ ነው። እሱ የተሠራው ንግግር ሩቅ እንዲሰማ ነው። ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ ብዙ ጊዜም አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ስለሚሠራ ጆሮ ይበሳል። ስለዚህ ለገጣፎ ባለው ቤቴ ሳሎን ጥግና ጥግ የቆሙትን ሁለት ሣጥኖች የሚያይ እንግዳ "ሆርን ናቸው" ስለው ገና ሳይከፈቱ ይሠጋል። እኔ አንድ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ከሰማሁባቸው በኋላ ልመሰክር የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ የሆርን ዋጋ የሚታወቀው ድምፁ ዝቅ ሲል ነው።

ስፒከሮቹ የኋላ ሆርን ያላቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን የሚፈጥረው ክፍል፣ አንድ ብቻ ነው፤ የጃፓኑ ፎስቴክስ ኤፍኢ 206 ኢኤን፣ እየተርገበገበ አየሩን የሚገፋ 20 ሴንቲ ሜትር የወረቀት ኮን ያለው። ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ የሚያወጣው እሱው ነው፤ መሀሉ ላይ ለቀጭኑ ድምፅ የምታግዝ ትንሽ ሁለተኛ ኮን አለችው። ከኮኑ ፊት የሚወጣው ድምፅ በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ይመጣል። ከጀርባው የሚወጣው ደግሞ እንደ ተለመደው ስፒከር ሣጥን ውስጥ ታፍኖ አይቀርም። ከድራይቨሩ ኋላ ካለች ትንሽ ክፍል በጠባብ ጉሮሮ ይገባና፣ እየሰፋ በሚሄድ የታጠፈ መንገድ አልፎ፣ ከታች ባለው ሰፊ አፍ ይወጣል። ሆርን የሚባለው፣ ወፍራሙንም ድምፅ የሚያጎላው ይኼ መንገድ ነው።

ከጋራ ማዶ ያለ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን አፋችን ላይ የምናደርገው ለዚሁ ነው፤ ጉልበት ሳንጨምር ድምፃችን አየሩን በደንብ እንዲይዝ። ኮን ብቻውን አየር ሲገፋ ጉልበቱ ይባክናል። የተለመደ የሳሎን ስፒከር ከሚገባለት ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፎስቴክስ ለዚህ ድራይቨር የሚሰጠው ልክ በአንድ ዋት አንድ ሜትር ላይ 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች 86 አካባቢ ናቸው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የአሥር እጥፍ ጉልበት ልዩነት ነው፤ ያኛው አሥር ዋት የሚጠይቅበትን ይኼኛው በአንድ ዋት ይጨርሰዋል።

ነገሩ ድሮም ከዚህ ችግር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አምፕሊፋየሮች የሚያወጡት ጥቂት ዋት ብቻ ስለነበረ ትልቅ አዳራሽ በድምፅ የሚሞላው በሆርን ነበር። በኋላ ፖል ቮይት በእንግሊዝ፣ ፖል ክሊፕሽ በአሜሪካ ወደ መኖሪያ ቤት አስገቡት። የክሊፕሽ ብልሃት የክፍሉን ጥግ የሆርኑ መጨረሻ አድርጎ መጠቀሙ ነው፤ ያ ስፒከር እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። የእኔም ሣጥኖች ጥግ ላይ መቆማቸው ከዚሁ የመጣ ነው። ስሌቱን ለወደደ፦ እስከ 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) የሚወርድ ሆርን ሲሰፋ በየ38 ሴንቲ ሜትሩ የቀዳዳው ስፋት እጥፍ መሆን አለበት፤ የአፉ ዙሪያ ደግሞ የሞገዱን ርዝመት፣ ማለትም ወደ 7 ሜትር ገደማ ማከል አለበት። ይኼ ከሁለት ሜትር በላይ ወርድ ያለው ክብ አፍ ነው፤ ለሳሎን አይታሰብም። ሣጥኑ ወለልና ሁለት ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ ሲቆም ግን የሚያስፈልገው የአፍ ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ግድግዳዎቼ የተለሰኑ ብሎኬት ስለሆኑ ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ ቀጭን የጂፕሰም ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ወፍራሙን ድምፅ ይበላው ነበር።

ከፍታችንስ አይጎዳውም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም፤ በቀዝቃዛ ምሽታችን 340 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተነደፈ የሆርን ልክ እዚህም ያው ይሠራል። አየሩ ግን ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ኮኑ የሚይዘው ነገር ይቀንስበታል፤ በስሌት ከአንድ እስከ ሁለት ዴሲቤል ገደማ ነው። 86 ዴሲቤል ላለው ስፒከር ይኼ ኪሳራ ነው፤ ለ96ቱ ግን አይሰማውም።

ሣጥኑን የሠራነው በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ነው። ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ ይቀላል፤ ነገር ግን ጠርዙ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ቤታችን ደግሞ ወለሉ በየቀኑ በውኃ ይወለወላል። ቺፕውድ ቪቴ አይዝም። የሰፈራችን አናጢ ንድፉን ዘርግቼ ሳሳያቸው፣ ቁም ሣጥን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ "አንተ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ማን ሊያየው ነው?" አሉኝ። "ጋሼ፣ አይታይም፤ ግን አንዱ ክፍት ከሆነ ይሰማል" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ከእኔ በላይ የተጨነቁት እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በኮላ ሞልተው፣ በሞርሳ አስረው፣ አድሮ ካልደረቀ ቀጣዩን አልነካም ይሉ ነበር። ሲያልቅ ክፍተቱን የፈተሽነው በጧፍ ነው። 40 ሄርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ ከስልክ ለቅቄ ጧፉን በየመጋጠሚያው ላይ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆይቶ አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ ፍርፍር ማለት ጀመረ። ጋሼ ሳቁና ጣታቸውን ኮላ ነክረው እዚያችው ላይ ጫኑት።

ከዚያ የመጣው ማስተካከል ነው፤ ከሥራው ሁሉ ጣፋጩም እሱ ነው። እንደ ተሠራ ሲከፈት ድምፁ ሕይወት ነበረው፣ ግን የሴት ድምፅና መለከት ከፍ ሲሉ ይጮኽ ነበር። የዚህ ድራይቨር የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ከመሀለኛው ድምፅ በላይ ጎልቶ የሚወጣ ነገር አለው። ወረቀቱና ዙሪያው እስኪላላ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ በራሱ ትንሽ ይለዝባል፤ ያንን መጠበቅ ግድ ነው፤ ገና ጥሬ ሳለ መታረም የለበትም። ቀሪውን ያስተካከልኩት አንድ የሽቦ ጥቅልና አንድ ሬዚስተር ጎን ለጎን አስሬ በመስመሩ ላይ በመጨመር ነው፤ ጥቅሉ 0.4 ሚሊ ሄንሪ፣ ሬዚስተሩ 4 ኦም። ወፍራሙ ድምፅ በጥቅሉ በኩል ሳይነካ ያልፋል፤ ከ1,500 ሄርዝ ገደማ ወዲያ ያለው በሬዚስተሩ እንዲሄድ ይገደድና 3 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጥቅሉን የሞተር ሽቦ የሚጠመጥም ባለሙያ ሠራልኝ። ሬዚስተሩ 10 ዋት የሚችል ይሁን፤ የሚሞቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው ማስተካከያ የበግ ፀጉር ነው። ከድራይቨሩ ጀርባ ያለችው ክፍል ባዶ ስትሆን፣ ከኋላ ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ስስ የሆነውን ወረቀት አልፎ ተመልሶ ይወጣል፤ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል። ለዚህ የሚሸጥ የፋብሪካ ቃጫ አለ፤ እኔ ያስገባሁት የታጠበና የተባዘተ የመንዝ በግ ፀጉር ነው። ፍቅር ያለበት ምርጫ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ሥራውን በሚገባ ይሠራል። መሙላት አያስፈልግም። የኋላው ግድግዳ ላይ ብቻ በእጅ ውፍረት ሲለጠፍ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሆርኑን ራሱን ያንቃል።

ልዩነቱን የሰማሁት በበገና ነው። የበገና ነዝናዛ ድምፅ የሚመጣው እንዚራ ከሚባለው፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ መሆኑን ደርዳሪዎች ያውቃሉ። በድሮው ስፒከሬ ይህ ንዝረት ከአውታሩ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጉርምርምታ ነበር። ፀጉሩ ከገባ በኋላ ጣት አውታሩን ሲለቅ፣ ቆዳው ሲይዘው፣ ከዚያም ንዝረቱ እየሳሳ ሲሄድ ለየብቻ ይሰማል። በዐቢይ ጾም ሌሊት ልጆች ተኝተው፣ ከንግግር ባነሰ ድምፅ የበገና ደርዳሪውን ዓለሙ አጋን ስሰማ አንድም ነገር የጎደለ አልመሰለኝም። ሌሎች ስፒከሮች ድምፅ ሲቀነስ ሙዚቃውም አብሮ ይጠወልጋል፤ ነፍስ እንዲዘራ ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። ይኼኛው በሹክሹክታም ሙሉ ነው። ጌታቸው መኩርያ ሽለላውን በሳክስፎን ሲያወርደው ግን ከፍ አድርጌ እሰማለሁ፤ ትንፋሹ ከናሱ ሲወጣ ፊት ለፊት የቆመ ያህል ነው።

ለከተማ ዳር ኑሯችን ትልቁ ጥቅም ደግሞ መብራት ሲሄድ ይታያል። ለዕለት ማዳመጥ የሚበቃኝ የዋት አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ዲ ክላስ የሚባል መዳፍ የማያክል አምፕሊፋየር ከዩፒኤስ ባትሪ ጋር አያይዤ ማታውን ሙሉ እሰማለሁ። እንዲያውም በባትሪ ሲሆን ድምፁ ይጠራል። ምክንያቱም ይኼ ስፒከር የሙዚቃውን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፤ የመስመሩን እምምታ፣ የርካሽ አምፕሊፋየርን ሹሹታ፣ የስታብላይዘሩን ቋቋታ ሁሉ ያወጣዋል። ሆርን ለመሥራት ያሰበ ሰው ዋት መቁጠሩን ትቶ ጸጥ ያለ አምፕሊፋየር ይፈልግ።

የማይወደዱለት ነገሮችም አሉ። ከ45 ሄርዝ በታች ያለው እዚህ የለም፤ የዘመኑ ዘፈን ላይ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ባስ ለሚወድ ሰው ይኼ አይሆነውም። ቀጭኑ ድምፅ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይበተንም፤ በሁለቱ መካከል ያልተቀመጠ ሰው ጥራቱ ይቀርበታል። በኋላው መንገድ የሚመጣው ባስ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ተጉዞ ስለሚደርስ ከፊቱ ድምፅ ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። በአብዛኛው ሙዚቃ አይታወቅም፤ ፈጣን የጉራጌ ከበሮ ላይ ግን ምቱ ትንሽ ወፈር ብሎ ይሰማኛል። ይህንን የሚያስተካክል ነገር አላገኘሁም፣ የንድፉ ተፈጥሮ ነው። የተበላሸ ቅጂ ደግሞ አይምርም፤ ከካሴት ተገልብጦ በስልክ የዞረ ዘፈን ሹሹታው ሁሉ ይወጣል። ግን የምወዳቸው የ1960ዎቹ ዘፈኖች ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው፣ እሰማቸዋለሁም።

ክረምቱ ሣጥኑን አልጎዳውም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ማዳመጥ ራሱ አይቻልም እንጂ እንጨቱ ሳይጣመም ወጥቷል። ከሥሩ አራት ጣት ከፍታ ያለው እግር ስላለው የወለሉ ውኃ አይነካውም። ኮርኒሱ ነው ያስቸገረኝ፤ አንድ የባስ ኖታ ላይ ሲደርስ ያቃጭል ነበር፤ ሚስማሩን በቪቴ ስንተካው ተወ። ሌላው አይጥ ነው። በአጠገባችን ገና ያልተሠራ ሜዳ አለ፤ መከር ሲሰበሰብ አይጦች ወደ ቤት ይገባሉ፣ ሆርኑ ደግሞ ለነሱ ጨለማና የታጠፈ ጎሬ ነው። ከፀጉሩ ጎትተው አልጋ ሠርተው አገኘሁ። አሁን ሁለቱም አፎች ላይ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ተወጥሯል፤ ድምፁን አልቀየረውም። ከተማ ዳር የሚሠራ ሰው ይህንን ገና ከመጀመሪያው ያስብበት።

ስለ ወጪው፦ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ድራይቨር ከብዷል፤ የእኔን ዘመድ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። ኮምፔርሳቶውም አልረከሰም። ሆኖም በዚያ ገንዘብ ተሠርቶ ከሚሸጥ ስፒከር እንዲህ ያለ ድምፅ ይገኛል ብዬ አላምንም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ይኼ ቁመት አይመከርም፤ ለዚያ ኤፍኢ 126 ኢኤን የሚባለው 12 ሴንቲ ሜትሩ፣ 93 ዴሲቤል የሆነው ይሻላል፤ ሣጥኑ ግማሽ ያህል ይሆናል። ሊሠራ የቆረጠ ሰው ግን እንጨቱን ከሰኔ በፊት ቆርጦ ይለጥፍ። በክረምት ኮላው ቶሎ አይደርቅም፣ ኮምፔርሳቶውም ከመጋዘን እርጥበት ይዞ ይመጣል፤ ሲደርቅ መጋጠሚያው ይከፈትና ጧፉ እንደገና መውጣት አለበት።