«ስቴጅ 2» የትራክ ፓኬጅ ሊሸጡላችሁ ነው? ቀብድ ሳትሰጡ ይህን እዩ

ስፖርት መኪናችሁን ለትራክ (ለመኪና ውድድር ሜዳ) ልታሠሩ ካሰባችሁ ትንሽ ታገሡ። «ስቴጅ 2» ጋራዦች ለጉልበት መጨመሪያ ፓኬጅ የሚሰጡት ስም ነው። ለእኔ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ መኪና የተሸጠልኝ «ሙሉ የትራክ ፓኬጅ» የሞተሩ ኮምፒውተር ሶፍትዌር፣ ሰፊ የጭስ ማውጫና የአየር ማጣሪያ ነበር። በቃ። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ዘዴውን ግን እወቁት።

ማሳመኛቸው ሁለት የዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ወረቀት ነው። አንዱ «በፊት»፣ ሌላው «በኋላ»። ልዩነቱ አፍ ያስከፍታል። እናንተ ግን ግራፉን ተዉትና ጥጉ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የእኔ «በፊት» ጎማው ላይ የደረሰው ጉልበት ነው። «በኋላ» ደግሞ ከሞተሩ እንደሚወጣ ተደርጎ የተሰላ። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነውን መልሶ መደመር ብቻውን ቁጥሩን ያሳብጠዋል፣ መኪናው አንድ ብሎን ሳይፈታለት። ውጤቱን ከአየሩ ሁኔታ ጋር የሚያስተካክለው ስሌትም ተቀይሯል፤ የመጀመሪያው ኤስኤኢ (SAE) በሚባለው፣ ሁለተኛው ኤስቲዲ (STD) በሚባለው ስሌት ነው። ኤስቲዲ ያንኑ መኪና 4 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በአንድ ማሽን፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ስሌት ያልተለካ ወረቀት ምንም አይነግራችሁም።

ከሁሉ የከፋው ግን የጎደለው መስመር ነው። የአየርና የቤንዚን ምጥጥን የሚያሳየው መስመር «በኋላ» ላይ የለም። ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል ለ1 እጅ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል። ቱርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ግን ቤንዚኑ በዛ ተደርጎ ምጥጥኑ ብዙ ጊዜ ወደ 12 አካባቢ ይወርዳል፤ ትርፉ ቤንዚን ሙቀቱን ያበርዳል። ቤንዚኑን ቆጥቦ፣ የካንዴላውን እሳት አስቀድሞ፣ የቱርቦውን ግፊት ከፍ ማድረግ ወረቀት ላይ ያምራል። ሙቀት ሲበዛ ግን ድብልቁ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ኖክ የሚሉት እሱን ነው፤ ፒስተን ይሰነጥቃል። መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው የምትረግጡት ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ላይታወቅ ይችላል። ትራክ ላይ ግን መደበቂያ የለውም።

የእኔ መኪና ገና ከጅምሩ ጉልበቱ ከዳው። ኖክ ሴንሰሩ እየሰማ፣ ኮምፒውተሩ እሳቱን ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር። ሞተሩን ያተረፈው የፋብሪካው ጥበቃ እንጂ የእነሱ ሥራ አይደለም። ሌላ ባለሙያ ሶፍትዌሩ የተቆለፈበትን እንደምንም ከፍቶ ሲያየው፣ «ለአንተ መኪና ብቻ የተዘጋጀ» የተባለው ፋይል ከፍ ላለ ኦክቴን (ኖክን ይበልጥ ለሚቋቋም ቤንዚን) የተሠራ ዝግጁ ፋይል ሆኖ ተገኘ። የፋብሪካው ፋይል ኮፒም አልተቀመጠም። ጋራዡን ስጠይቅ «ችግሩ የምትቀዳው ቤንዚን ነው» አሉኝ። እንዴ! ምን እንደምቀዳ መጀመሪያ ማን ጠየቀኝ?

ሌላው ጉድ፣ ለትራክ ነው የተባለው ፓኬጅ ውስጥ ፍሬን የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ መፍላት የለበትም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። አዲስ የፍሬን ዘይትና ሙቀት የሚችል ሸራ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይቀድማል። (ዶት 5 የሚባለው የፍሬን ዘይት ሲሊኮን ነው፤ በስም ከሚቀራረበው ዶት 5.1 ጋር ፈጽሞ አታምታቱት። ሻጮችም ሲያምታቱ አይቻለሁ።)

ሙሉውን ክፍያ አስቀድማችሁ አትልቀቁ። የፋብሪካው ፋይል ኮፒ መጀመሪያ እጃችሁ ይግባ። መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ ሶፍትዌር መነካቱ ምን እንደሚያሳጣችሁ ከሻጩ ጠይቁ። የሥራ ውሉ ላይ የቤንዚኑ ኦክቴን በቁጥር ይጻፍ። ሲያስረክቧችሁም ምጥጥኑን፣ የቱርቦውን ግፊትና ኖኩን የመዘገበውን ሎግ ጠይቁ። «ሎግ ለደንበኛ አንሰጥም» ካሏችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።