የእናቴን የክኒን ፌስታል ለዘረገፈችው ፋርማሲስት

ባህር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ግፊትና ስኳር ያለባት እናት ቤታችሁ ያለች፣ እስቲ ይህችን አንብቡልኝ። ትረዝማለች፣ ታገሱኝ።

እናቴ የዘጌ ሰው ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሽምብጥ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ግፊቱም ስኳሩም አለባት። አንዱ ክኒን ጠዋት፣ አንዱ ከምግብ ጋር፣ አንዱ ማታ፣ እኔ ተምሬያለሁ የምለው ራሱ ይምታታብኝ ነበር፣ እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኳ ላይ አላርም ሞላሁላት። ሲጮህ የተደወለላት እየመሰላት አንስታ «ሃሎ፣ ማነው?» ትለዋለች። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሰባት ክፍል ያላት የክኒን ሳጥን ላከችላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብከፍታት ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ በየተራ ተደርድሮባታል። እውነቷን ነው፣ ለቅመም ትመቻለች።

ክረምት ላይ ግን ቀልዱ ቀረ። እግሯ አበጠ። ስትነሳ ያዞራታል። አንድ ቀን ከጊዮርጊስ ስትመለስ በራችን ላይ ዘፍ አለች። ያኔ የዞርነውን መዞር አትጠይቁኝ። አንዱ ጋ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «እድሜ ነው» አለን። ሌላ ቦታ ግማሽ ቀን ተሰልፈን ያገኘነው «ጨው ቀንሺ» የምትል ቃል ናት፤ ጨው ካቆመች ስንት ዓመቷ! አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ምን ትወስዳለች ሳይል ሌላ ክኒን ሸጠልን። አጠቃቀሙን ስጠይቀው «ላዩ ላይ ተጽፏል» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ግን አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እዚህች ልጅ ጋ የገባነው ዝናብ ይዞን ነው። ባጃጅ እስክናገኝ ብለን። ገና ሳንናገር ለእናቴ ወንበር አወጣችላት። ምን ምን ትወስዳለች ስትለኝ ፌስታሉን ሰጠኋት፣ እሷም ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። የሁለት ዓመት ጉድ ወጣ፤ ካርቶኑ የጠፋ፣ ግማሹ ያለቀ፣ ጊዜው ያለፈበት። እኔ ማስረዳት ስጀምር «ወንድሜ፣ አንተ ትንሽ ቆየኝ፣ እሳቸው ይንገሩኝ» አለች። ከዚያ ዞራ መጥታ እናቴ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ ዛሬ ጠዋት የወሰዱትን ያሳዩኝ።» እናቴ አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች። ልጅቷ ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን አድርጋ ለአፍታ ዝም አለች።

አንድ ናቸው! ስማቸው ሌላ፣ ቀለማቸው ሌላ፣ ፋብሪካቸው ሌላ፤ ከትልቁ ስም ሥር በደቂቁ የተጻፈው ግን ሁለቱም ላይ አምሎዲፒን ነው። አንዱ ከገበያ ሲጠፋ ሌላውን ገዛሁ፣ የጠፋው ሲገኝ እሱንም ጨመርኩ፣ እናቴ የግፊቱን መድኃኒት እጥፍ ስትውጥ ከረመች። እብጠቱንም ማዞሩንም ይሄ ሊያመጣው ይችላል አለችን። ገዢው እኔ ነኝና ላብ አጠመቀኝ። «ካርቶኑ ነው የሚያሳስተው» አለችኝ፣ እንዳልከፋ። በራሷም አልቆረጠችም፤ በወረቀት ጽፋ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላከችን፣ እሱም አንዱን አስቆመ።

በማግስቱ ተመለስን። «እማማ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» አለቻት። «ቡና ነዋ ልጄ፣ የዘጌ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል!» በዚህ ተሳሳቁ። ከዚያ በማርከር የጠዋቶቹ ላይ ፀሐይ፣ የማታዎቹ ላይ ጨረቃ ሳለችላቸው። የፀሐዮቹ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጡ፣ ከከሰሉ ግን ይራቁ፣ ሙቀት አይወዱም። የስኳሩ ከምግብ ጋር። ቢረሱት ደርበው እንዳይወስዱ አለቻት፣ ሁለት ሦስቴ ደጋግማ።

ያኔ ነው እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጾም ሲሆን የጠዋቱን እንደማትውጥ የነገረቻት። ፍልሰታን ሙሉ፣ 15 ቀን! አንድ ቤት እየኖርን እኔ አላውቅም። ልጅቷ አልተቆጣቻትም። «ከቅዳሴ ስንት ሰዓት ይወጣሉ?» ብላ ጠየቀቻትና እኛ ፊት ሐኪሙ ጋ ደውላ የጾሙን ሰዓት አስተካከለችላት። እኔን ግን ለብቻ ጠርታ «በራሳችሁ እንዳትቀይሩ፣ በተለይ የስኳሩን» አለችኝ። ለምን እንደሆነም አስረዳችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም።

አሁን የእናቴ እግር ጫማዋ ውስጥ ይገባል። ጠዋት አቦሉ እስኪፈላ ፀሐይዋን ፈልጋ ትውጣለች፣ እኔን ሳትጠብቅ። ለልጅቷ ብር ልሰጣት ብል እምቢ አለች። እናቴ በጀልባ የመጣ አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ስትወስድላት ግን እንዴት እምቢ ትበላት፣ «ወልደሽ ሳሚ» እየተባለች ተቀበለች።

ስሟን አትጻፍ ስላለችኝ እዚህ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ሂዱ፣ ኧረ ሂዱ፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያተኛው ስለሚበዛ ጠዋት ይሻላል። ፌስታሉን ደግሞ እንዳለ ውሰዱት፣ መርጣችሁ እንዳትቀንሱ።