ምልክት የሌለው የፈረንሳይ ጎራዴ፦ የወታደሩ ወይስ የመኮንኑ?

ሁለት ጎራዴዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል እንበል። ሁለቱም የ1822 ሞዴል የፈረንሳይ ቀላል ፈረሰኛ ጎራዴ ተብለው የቀረቡ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ማኅተምም ጽሑፍም የላቸውም። ሻጩ ለሁለቱም «ከእርጅና ብዛት ጠፍቶ ነው» ይላል። ይህ መልስ ግን ለሁለቱም እኩል አያገለግልም።

የተራ ወታደሩ ጎራዴ የመንግሥት ንብረት ነበር። በፈረንሳይ የአልዛስ ክፍለ ሀገር ባለው ክሊንገንታል፣ በኋላም በሻተልሮ ከተማ ፋብሪካ ሲሠራ ተቆጣጣሪዎች ፈትሸው ከስለቱ ሥር፣ እጅን ከሚጠብቀው የናስ መከላከያም ላይ ጥቃቅን ማኅተም ይመቱበታል። በስለቱ ጀርባ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ስም ከወሩና ከዓመቱ ጋር ይቀረጻል። ሞረድና አሸዋ ወረቀት የጀርባውን ጽሑፍ ሊበላው ይችላል። የናሱም አብሮ ከጠፋ ግን እኔ መጠርጠር እጀምራለሁ። ያም ሆኖ የግድ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም፤ የአሜሪካው የ1840 ፈረሰኛ ጎራዴ የተቀዳው ከዚሁ ሞዴል ስለሆነ፣ እውነተኛ አሮጌ ሆኖ ፈረንሳዊ ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

መኮንኑ ግን ጎራዴውን የሚገዛው በገዛ ገንዘቡ፣ ከግል ነጋዴ ነው። ስለዚህ የተቆጣጣሪ ማኅተም አለመኖሩ የተለመደ ነገር ነው። እዚህ የሚመሰክረው የእጅ ሥራው ነው፦ የጎሽ ቀንድ እጀታ፣ መከላከያውና የእጀታው አናት ላይ የተቀረጸ ቅጠላ ቅጠል። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርት ያለ ከሆነ በመሣሪያ የተቀረጸ ነው፤ ደብዛዛና ክብ ክብ ካለ ከሌላ ጎራዴ ላይ ቅርጹ ተወስዶ የፈሰሰ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የወታደሩ እጀታ በአንጻሩ ቆዳ ለብሶ በተገመደ የናስ ሽቦ የተጠመጠመ እንጨት ነው፤ ናሱም ጌጥ የለውም።

ለሁለቱም የሚሆን ፈተና አለ። ስለቱን ከጀርባው በኩል እዩት፦ ኦርጅናሉ እጀታው ጋ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ርካሹ ቅጂ ከሥር እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነው። የእጀታውን አናትም እዩ፤ በ1822 ሞዴል ላይ የስለቱ ጭራ (በእጀታው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ብረት) እዚያ ወጥቶ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይታሰራል፤ ብሎን ካያችሁ ወይ ቅጂ ነው ወይ ተፈታትቷል። ማኅተም የተገኘበትም ቢሆን የዝገቱን ጉድጓድ ልብ በሉ፦ ዝገቱ ማኅተሙን ከበላው ደግ፣ ማኅተሙ ከዝገቱ በላይ ከተመታ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው።

ስለትና እጀታ ተቀላቅሎም ይገኛል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከአያቶቻችን ጎራዴዎች መካከል የአውሮፓ ስለት ላይ የአገር ቤት ቀንድ እጀታ የተገጠመባቸው አሉ። እዚያ ታሪክ ነው፤ «ያልተነካካ ፈረንሳዊ» ተብሎ ሲሸጥ ግን ዋጋ መቀነሻ ነው።

ምልክት አልባ ሆነው በአንድ ዋጋ ከቀረቡልኝ የመኮንኑን እወስዳለሁ። የጀርባው ጽሑፍ ከተነበበ ግን ምርጫዬ ይገለበጣል፤ የወታደሩ የተሠራበትን ወር እንኳ ይነግረኛል። የመኮንኑን ስወስድም ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት የእጀታውን አናት በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ እጠይቃለሁ። ያንን ትቶ ሰገባውን እየደጋገመ ከላከልኝ ሻጭ አልገዛም።