ለሰልፍ የደረት ካሜራ፦ አሮጌ ስልክ፣ ራስ ገጣጥሞ መሥራት ወይስ ተሠርቶ የመጣውን መግዛት?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ደማስ ፈቃደ የተባለው ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ሆሎን ከተማ ውስጥ በፖሊስ ሲደበደብ በአካባቢው የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ ቀርጾት ነበር። ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ ሰው ለሰልፍ የወጣው ያንን ቪዲዮ አይቶ ነው። ካሜራው ባይኖር ልጁን ማን ያምነው ነበር? ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው መቅዳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ስቴት ዲፓርትመንት ደጃፍ ሰልፍ ስንወጣ እጃችን ሥራ ይበዛበታል። ባንዲራ እንይዛለን፣ መፈክር እንይዛለን፣ ልጅ እንይዛለን። ስለዚህ ካሜራው ደረት ላይ ቢሆን ይመረጣል። በትንሽ ወጪ የሚሆኑትን አማራጮች ላነጻጽርላችሁ።

አሮጌው ስልክ

መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስልክ ካላችሁ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አውጡት። ካሜራ፣ ማይክ፣ ትክክለኛ ሰዓትና ባትሪ አብረው አሉት። ወጪው መያዣው ብቻ ነው። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው፦ ርካሽ የፕላስቲክ ከቨር ገዛሁ፤ ጀርባውን በወፍራም ክር ከሰፊ ላስቲክ ጋር ሰፋሁት፤ ላስቲኩን በትከሻና በወገብ አዙሬ በዘለበት አሰርኩት። ከ10 ዶላር በታች ነው የፈጀው።

ከሌሎቹ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ቁልፉ ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ ስልኮች ውስጣቸው ያለው ፋይል የተመሰጠረ ነው። ስልኩ ቢወድቅ ወይም ቢወሰድ፣ ረዘም ያለ የይለፍ ቁጥር ካለው ያገኘው ሰው በቀላሉ አይከፍተውም። ቪዲዮው ግን ስልኩ ላይ እንጂ ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዳይቀመጥ አድርጉ። አሻራና ፊት ማወቂያውንም ከሰልፉ በፊት አጥፉት። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ለመፈተሽ የፍርድ ቤት ማዘዣ እንደሚያስፈልገው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወስኗል።

ጉድለትም አለው። ሲቀዳ ስክሪኑ እንደበራ ስለሚቆይ ባትሪውን ይበላል፤ በጋ ላይ ደግሞ ይግላል። ስክሪን አጥፍቶ የሚቀዳ አፕ ጫኑ፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ትንሽ ፓወር ባንክ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው

ይህ ካሜራ ሊገጠምለት የሚችል፣ በአንድ ትንሽ ቦርድ ላይ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ሠርቶ መማር ለሚወድ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 15 ዶላር ነበር። ሰው በዚህ ይሳባል። ካሜራው ግን ለብቻው ነው፤ ካሜራ ሞጁል 3 የሚባለው በ25 ዶላር ነው የወጣው። የዜሮው የካሜራ ማስገቢያ ከብዙዎቹ ትልልቅ የራስበሪ ፓይ ቦርዶች ስለሚጠብ ገመዱንም አይታችሁ እዘዙ። ማይክ የለውም። ሚሞሪ ካርድና ፓወር ባንክ ሲጨመር 70 ዶላር አካባቢ ትደርሳላችሁ።

ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ቦርዱ ላይ የሰዓት ባትሪ የለም። ኢንተርኔት በሌለበት ሲነሳ የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይነሳል፤ ለማስረጃ ደግሞ ሰዓት ዋና ነገር ነው። ትንሽ የሰዓት ሞጁል መጨመር ግድ ይላል። ሁለተኛው የኃይል መቋረጥ ነው። ኤምፒ4 በሚባለው የተለመደ የቪዲዮ ፋይል ስትቀዱ ፋይሉ በትክክል የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው። ግርግር ውስጥ ገመዱ ቢነቀል የአንድ ሰዓት ቪዲዮ አልከፈት ሊል ይችላል። የሚቀዳውን ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው ፋይል እንዲቆርጥ አድርጋችሁ ጻፉት፤ የሚጠፋው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ሽቦና ሰርኪት ደረታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ፖሊስ ፊት አትቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መብራት ያለው ሰርኪት ልብሷ ላይ አድርጋ ቦስተን ሎጋን ኤርፖርት ገብታ፣ ፖሊሶች ቦምብ መስሏቸው መሣሪያ ደቅነው ነው የያዟት። ካሜራ መሆኑ ከሩቅ በሚታወቅ ንጹሕ ሳጥን ውስጥ ካላስገባችሁት ይቅርባችሁ።

ኢኤስፒ32 ካም

ይህ ካሜራ የተገጠመበት በጣም ትንሽ ሰርኪት ቦርድ ነው፤ ከ10 ዶላር ባነሰ ይገኛል። ድምፅ አይቀዳም፤ ምስሉም ሰው ሲሮጥ ይቆራረጣል። ለቤት በር ጥሩ ነው። ለሰልፍ አልመክረውም።

ተሠርቶ የሚሸጠው

ኦንላይን ከ40 እስከ 60 ዶላር የሚሸጡ ትንንሽ የደረት ካሜራዎች አሉ። ቀላል ናቸው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መሄድ ነው። ለእናቴ ቢሆን ይህን ነበር የምሰጣት። እኔ የገዛሁት ግን ካርቶኑ ላይ ስምንት ሰዓት ይቀዳል ተብሎ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ካርዱም ክፍት ነው። ያገኘው ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የሁላችንንም ፊት ያያል። አገር ቤት ቤተሰብ ላለው ሰልፈኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያገለገለ ጎፕሮ (ለስፖርት የሚሠራ ትንሽ ካሜራ) ምስሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሲሄዱ አይንቀጠቀጥም። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል፤ ካርዱም ያው ክፍት ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ

ዋሽንግተን ውስጥ እናንተ ያላችሁበትን ንግግር መቅዳት ይቻላል። ሜሪላንድ ስትሻገሩ ግን የግል ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰልፍ ስትወጡ ከጎናችሁ በሹክሹክታ የሚያወራውን ሰው አስቡት። ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊትም የሰልፈኞችን ፊት አደብዝዙ። ዋናውን ፋይል ሳትነኩት ለብቻው አስቀምጡ።

አንድ ጊዜ ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ስከፍት 40 ደቂቃ ሙሉ ነጭ ነገር ብቻ አየሁ። የገዛ ነጠላዬ ሌንሱን ሸፍኖት ነበር። ድምፁ አለ፤ ጩኸቱ አለ፤ ሰው ግን አይታይም። አሁን ከደረት አንስቼ የቦርሳዬ ማንገቻ ላይ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ አስረዋለሁ። ከቤት ሳልወጣ ነጠላዬን ለብሼ፣ መፈክሩን ይዤ፣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጊዜ እመላለስና የቀዳውን አያለሁ።