ፌልኮ 2 መግረዣ መቀስ፦ ለጓሮ አፕል ችግኝ ያዋጣል?

የጓሮ አፕል ከተተከለ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት የሚቆረጠው እንጨት በአብዛኛው ከአውራ ጣት አይወፍርም። የዛፉ ቅርጽ ግን የሚወሰነው ያኔ ነው። ቁርጡ ከተጨፈለቀ ወይም ጉቶ ከተረፈው መድረቅና መበስበስ ከዚያ ተነስቶ ወደ ግንዱ ይወርዳል። ስለዚህ በመቀስ ላይ መሰሰት አያዋጣም እንላለን።

ፌልኮ 2 የስዊዘርላንድ ሥራ ነው። እጀታው ቀይ፣ ክብደቱ 240 ግራም፣ ርዝመቱ 21.5 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይቆርጣል ይባላል። ለእርጥብ እንጨት እውነት ነው፤ ደረቅ እንጨት ላይ ግን 1.5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትቶ መጋዝ ማንሳት ይሻላል። የማይቆርጠውን በግድ እያወላገዱ መቁረጥ ሁለቱን ብረቶች ያራርቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀጭኑን ቀንበጥ እንኳ ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት መቀስ አለ። በአንደኛው ስለቱ ወርዶ እንደ ሽንኩርት መክተፊያ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያርፋል፤ ይህ ለደረቅ እንጨት ይሁን እንጂ የለጋ ቀንበጥን ቅርፊት ይጨፈልቃል። ፌልኮ 2 የሁለተኛው ዓይነት ነው፦ ስለቱ በቆልማማው ብረት ጎን ተንሸራቶ ያልፋል፣ ቁርጡም ለስልሶ ይቀራል። ለችግኝ የሚሆነው ይህ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አያያዙን ነው። ስለቱ ወደሚቀረው ግንድ፣ ቆልማማው ብረት ወደሚወድቀው ቅርንጫፍ መሆን አለበት። ከተገለበጠ ቆልማማው በግንዱና በስለቱ መካከል ይገባና የራሱን ውፍረት ያህል ጉቶ ያስቀራል። ቅርንጫፍ ከሥሩ ሲነሳም ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት አበጥ ያለ ቀለበት አለ፤ ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ስለሆነ ሳይነካ ከእሱ አለፍ ብሎ ይቆረጣል። የፌልኮ ስለት ቀጭን በመሆኑ ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ይገባል፤ ከወፍራሞቹ ርካሽ መቀሶች የሚበልጠው በተለይ እዚህ ላይ ነው።

አዲስ የተተከለ አፕል ብዙ ጊዜ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ጤናማ ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት እንቡጥ) ይመረጥና ከእሱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃው ከዓይኑ በተቃራኒ እንዲወርድ ሰያፍ ይቆረጣል። በጣም ከተጠጋ ዓይኑ ይደርቃል፤ ከራቀም ጉቶው ይሞታል። ጫፉ ሲነሳ ከታች ያሉት ዓይኖች ይነቃሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከላይ የወጣው ጠንካራ ቀንበጥ እንደ መሪ ይያዛል፣ አጠገቡ የሚፎካከረው ይወገዳል፣ ከታች ደግሞ በተለያየ አቅጣጫ የወጡ ሦስት ወይም አራት ጎን ቅርንጫፎች ይቀራሉ። በመካከላቸው ወደ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይኑር። ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ሽቅብ የቆመ ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ቅርፊት መካከላቸው ተጨምቆ ስለሚቀር ፍሬ ሲሸከም ይገነጠላል። እንዲህ ያለውን ገና ለጋ ሳለ በሲባጎና በካስማ ወደ ጎን መሳብ፣ አልሆን ካለ ማውጣት ነው። ከተዳቀለበት ቦታ (የላይኛው ዝርያ ከሥሩ ችግኝ ጋር ከተጣበቀበት) በታች የሚበቅል ማንኛውም ቀንበጥ ግን ምሕረት የለውም፤ ከተተወ ዛፉን የሚወርሰው እሱ ነው።

ጊዜው ደረቁ ወቅት ነው። በደጋችን አና እና ዶርሴት ጎልደን የመሳሰሉት ትንሽ ቅዝቃዜ የሚበቃቸው ዝርያዎች ቅጠላቸውን ሙሉ በሙሉ ላያራግፉ ስለሚችሉ ቅጠሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ ዓይኖቹ ሳይነቁ፣ ጠሉ ከረገፈ በኋላ ቢሠራ ጥሩ ነው። በክረምት የተቆረጠ ቁስል ዝናብ ይዞት ለሻጋታ ይጋለጣል።

ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ ስለቱን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ። በረኪናም ይሠራል፣ ብረቱን ግን ይበላዋል፤ ከተጠቀሙበት ወዲያው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ይደረግበት። ሲሞረድ ሰያፍ የሆነው ወገን ብቻ ይሞረዳል። ጠፍጣፋውን ወገን መሞረድ ስለቱን ከቆልማማው ያርቀዋል፤ እዚያ የተረፈውን ሸካራ ብቻ በአንድ ሁለት ለስላሳ ምት ማንሳት ነው። ማጥበቂያው መካከል ላይ ያለው ዳዶ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ሲቆረጥ በብረቶቹ መካከል ከታጠፈ ላልቷል፤ ሞላው ወጥቶ እጀታው በራሱ ክብደት የማይወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ጉድለትም አለው። ሞላው ሲመታ ከቦታው ፈንጥሮ ይወጣል፣ ሣር ውስጥ ከገባ ማግኘቱ አይቀልም፤ ትርፍ ሞላ አብሮ መግዛት ብልህነት ነው። እጀታው ሰፊ ስለሚከፈት ለትንሽ እጅ ይከብዳል፤ ለእነዚያ ፌልኮ 6 አለ፣ ለግራኝ ደግሞ ፌልኮ 9። ዋጋው ከተራው መቀስ ብዙ እጥፍ ነው፤ አንድ ችግኝ ብቻ ላለው ሰው ተንሸራታች ስለት ያለው ተራ መቀስ፣ ስለቱ እስከተሳለ ድረስ፣ ይበቃዋል። ከአራት አምስት ዛፍ በላይ ላለው ግን ፌልኮ ያዋጣዋል፤ ስለቱ፣ ሞላውና ቡሎኑ ሁሉ ተፈትቶ የሚለወጥ በመሆኑ አንዱ ክፍል ስላለቀ መቀሱ አይጣልም።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሲያስይዙ የሞዴሉን ቁጥር አብረው ይንገሩት፤ ቀይ እጀታ ያለው ሁሉ ፌልኮ አይደለም። እዚሁ ሲገዙ ደግሞ ስለቱን ከቆልማማው በጎን ነቅነቅ ያድርጉት። ከተነቃነቀና መካከሉ በዳዶ ሳይሆን በማይፈታ ሚስማር የተያያዘ ከሆነ አይውሰዱት፤ አንዴ ከላላ የሚጠብቅበት መንገድ የለውም።