ለአሮጌ ፒካፕ ርካሹ ዲቲ-830 ቴስተር

ጎጃም ውስጥ አሮጌ ሃይሉክስ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከመፍቻው ቀጥሎ ይህን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ቢገዛ አይቆጭም። ስንት ጤነኛ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) እና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣው) በግምት ተፈትቶ ይቀየራል!

መምረጫውን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ደህና ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው። ሞተር ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ካልጨመረ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ፣ ሽቦውንና ፊውዙን ሳያዩ ዲናሞ አይፍቱ።

ዋጋውን የሚያወጣው ግን ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻሲው የሚሄደውን የማሳ ሽቦ ሲፈትሹበት ነው። ክረምቱን ጭቃ፣ በጋውን አቧራ የጠገበ መኪና ማሰሪያው ይዝጋል፤ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራት አብሮ ብልጭ ካለ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራሱ የኋላ መብራቱ ማሳ ነው። የማሳ ሽቦውን ለመፈተሽ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ ይዘው ሞተሪኖው እየዞረ ያንብቡ። ከ0.5 ቮልት ካለፈ ማሰሪያውን ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ ካጠበቁ በኋላ ግሪስ ይቀቡት።

ድክመት አለው። የ10 አምፔሩ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም፤ የሞተሪኖ አምፔር በፍጹም አይለኩበት። ባለ 9 ቮልት ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ የሞተውን ባትሪ ደህና ያስመስላል። ገመዱም አንገቱ ላይ ቶሎ ይበጠሳል።